በጎጃም ለሕፃናት በቤት የሚዘጋጅ የላመ አትክልት

የላመ አትክልት ማለት ሕፃኑ ስድስት ወር ሞልቶት ከጡት ወተት ጋር ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር የሚቀርብለት፣ ተቀቅሎ የተጨፈለቀ ምግብ ነው። በጎጃም በአብዛኛው ከድንች፣ ከዱባና ከካሮት ይሠራል፤ ጎመንም ይታከልበታል። ድንቹን የአዊና የጮቄ ዙሪያ ደጋ ያበቅለዋል፤ ዱባው ከጓሮ አይጠፋም። የዱባን ዋጋ ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ አለ፤ ለጀማሪ ሕፃን ግን ከእሱ የሚሻል ጥቂት ነው። ጣፋጭ ነው፣ ቶሎ ይልማል፣ ብርቱካናማው ቀለሙም ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ ነው። ልጣጩ ካልተላጠና እንጨቱ ካልተቀነጠሰ በደረቅ ቦታ ለወራት ይቀመጣል።

ለሁለት ጊዜ የሚበቃ ለማዘጋጀት 150 ግራም ያህል የተላጠ ዱባና 100 ግራም የሚሆን አንድ መካከለኛ ድንች በቂ ነው። በእኩል መጠን፣ አውራ ጣት በማይሞላ ውፍረት ይከተፋሉ፤ አንዱ ከተለቀ እሱ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ውኃው አትክልቱን እምብዛም ሳይሸፍነው ድስቱ ይከደናል። ከፍታው እዚህ ላይ ለውጥ ያመጣል፦ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ውኃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በዓባይ በረሃ በ20 ደቂቃ የሚበስል ድንች ደጋ ላይ ግማሽ ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። የሰዓቱን ነገር ትቶ ሹካ መውጋት ይሻላል፤ ሹካው ያለ ግፊት ከገባ በስሏል። ካሮት ከሁለቱም ስለሚዘገይ አስቀድሞ ይገባል። ጎመን እንጨቱ ወጥቶ፣ ቅጠሉ በደቃቁ ተከትፎ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይጨመራል።

መጨፍለቁ በትኩሱ ነው። ሹካ ይበቃል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በንጹሕ ወንፊት ላይ በማንኪያ ጀርባ ማሳለፍ ጥሩ ነው። በርበሬ የተወቀጠበት የእንጨት ሙቀጫ ቢታጠብም ማቃጠሉን አይተውም፤ አይነካ። ድንች በማሽን ብዙ ከተፈጨ ስታርቹ ወጥቶ እንደ ሙጫ ይሳባል፣ ሕፃኑም መዋጥ ያቅተዋል። ማቅጠኛው የተቀቀለበት ውኃ ወይም የታለበ የእናት ጡት ወተት ነው፤ በመጨረሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ይገባል፤ ያለ ቅባት የዱባው ጥቅም በሚገባ አይገኝም። ጨው አይጨመርም።

በብዛት የሚታየው ስሕተት ማቅጠን ነው። እንደ አጥሚት የሚፈስ ምግብ ትንሿን ሆድ በውኃ ይሞላታል፣ ኃይል ግን አይሰጥም። ማንኪያው ዘንበል ሲል ቶሎ ካልወረደ ውፍረቱ ልክ ነው። ሲጀመር ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይሰጣል፤ ቀስ በቀስ በአንድ ጊዜ ወደ 125 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ጡቱ አይቀንስም።

አትክልት ብቻውን ብረት አያሟላም። በደንብ የበሰለ የምስር ክክ፣ ጠንክሮ የተቀቀለ እንቁላል ወይም በደንብ ተቀቅሎ የላመ ሥጋ እየተፈራረቀ ይደባለቅበታል። ጾም ሲገባ ቅቤና እንቁላል ከቤቱ ድስት ስለሚርቁ የልጁም ይቀራል፤ ሕፃን ግን አይጾምም፤ የራሱ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ከተለየለት የቤቱም ጾም አይነካም። ማር፣ የጎጃሙም ቢሆን፣ ዓመት ሳይሞላው አይቀመስም፤ ሽባ የሚያደርግ መርዝ የሚያመነጩ የባክቴሪያ ዘሮች ሊኖሩበት ይችላሉ፣ ማፍላትም አይገድላቸውም። አረንጓዴ የመታው ወይም የበቀለ ድንች ይጣላል፤ መቀቀል መርዙን አያጠፋውም።

የተሠራው ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይም። ማቀዝቀዣ ካለ ሳይነካ ተከድኖ እስከ ማግስቱ ይቀመጣል፤ ሲወጣ እስኪፍለቀለቅ ይሞቅና ለብ ሲል ይሰጣል። ጎመን የገባበትን ግን በዕለቱ መጨረስ ነው። ከሕፃኑ ሳህን የተረፈው ምራቅ ስለነካው ወደ ድስቱ አይመለስም፤ እናቱ ትብላው።