ቢዝነስ ፕላን ምንድን ነው? በ100 ዶሮ እንየው

ቢዝነስ ፕላን ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ብድር ነው። አበዳሪው «ቢዝነስ ፕላን አምጡ» ይላል። ተበዳሪው ኮምፒውተር ቤት ሄዶ፣ ከፍሎ ያስጽፋል፤ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ዞር ብሎ አያየውም። ይህ ያሳዝነኛል። ወረቀቱ ከአበዳሪው ይልቅ የሚጠቅመው ባለቤቱን ነውና።

ቢዝነስ ፕላን ማለት ምን እንደምንሸጥ፣ ለማን እንደምንሸጥ፣ ምን ያህል ገንዘብ መቼ ከእጃችን ወጥቶ መቼ እንደሚመለስ ሥራው ሳይጀመር ጽፎ ማስቀመጥ ነው። እኔ ከሁሉም የማስበልጠው «መቼ» የሚለውን ነው።

ለምን በጽሑፍ? ጭንቅላት ውስጥ ያለ ዕቅድ ወራትን ይዘላል። የአክስቴ ልጅ 100 የእንቁላል ዶሮ ሊያረባ ሲነሳ «ወንድሜ፣ ሁሉም እዚህ አለ» ብሎ ግንባሩን በጣቱ ነካ። ጫጩት ይገዛል፤ ያሳድጋል፤ እንቁላል ይሸጣል። ሲያወሩት እንዲህ አጭር ነው። ማታ ደብተር አወጣን። ወራቱን ከመስከረም ጀምረን ወደ ታች ጻፍናቸው። ከጎናቸው ሁለት ዓምድ አሰመርን፤ «የሚወጣ» እና «የሚገባ»።

የአንድ ቀን ጫጩት እንቁላል መጣል የምትጀምረው 20 ሳምንት ገደማ ሲሆናት ነው። መስከረም 10 ቢገዛ ጥር መጨረሻ መሆኑ ነው። እስከዚያ «የሚገባ» የሚለው ዓምድ ባዶ ነው። «የሚወጣ» የሚለው ግን አንድም ወር አያርፍም። አንዷ ጫጩት ለእንቁላል እስክትደርስ ከ7 እስከ 8 ኪሎ መኖ ትበላለች። ለመቶው ከ7 እስከ 8 ኩንታል መሆኑ ነው። ፈንግልና ጉምቦሮ ለሚባሉት የዶሮ በሽታዎች ክትባት አለ። ጫጩቶቹ የሚሞቁበት መብራት ወይም ከሰል አለ። ልጁ ጫጩት መግዣና ቤቱን መሥሪያ ይዟል። የአምስት ወር መኖ መግዣ ግን አልያዘም። ዝም ብሎ ባዶውን ዓምድ ሲያይ ቆየ።

ለእኔ ቢዝነስ ፕላን ማለት እሱ ባዶ ዓምድ ነው። የሚያዋጣ ሥራ እንኳ ትርፉ ሳይደርስ እጅ ካጠረ ይሞታል። ዶሮዎቹ ሊጥሉ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው መኖ አልቆ፣ ባለቤቱ በርካሽ የሚሸጣቸው ለዚህ ነው።

«ዕቁብ አለኝ እኮ» አለ። ጥሩ ነው። ግን ዕቁብ በዕጣ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ሊወጣለት ይችላል፣ በመጨረሻውም። ስለዚህ የዕቁቡን ብር ከመጨረሻው ዙር አጠገብ ጻፍነው። ቀድሞ ከደረሰው ተመስገን ነው። ገቢን አዘግይቶ፣ ወጪን አስቀድሞ መጻፍ ይሻላል። መቶ ዶሮም በየቀኑ መቶ እንቁላል አይጥልም። በደህና ጊዜ 80 ቢገኝ መልካም ነው። የምትታመም አለች፣ የምትሞትም አለች። እኛ 70 ብለን ጻፍን።

ከዚያ ጥር መጨረሻ የሚለው ላይ ዓይናችን አረፈ። ዐቢይ ጾም የሚገባው ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። 55 ቀን ነው። እንቁላሉ መውጣት ሲጀምር የሰፈሩ ሱቅ እንቁላል መግዛቱን ሊቀንስ ነው። የምትጥል ዶሮ ደግሞ በቀን 120 ግራም ገደማ ትበላለች። ለመቶ ዶሮ በቀን 12 ኪሎ፣ በወር ከሦስት ኩንታል ተኩል በላይ ነው። ለፋሲካ ገበያው እንደገና ይሞቃል፤ ያለ እንቁላል ዶሮ ወጥ የለም። እስከዚያ ግን ማን ይገዛል?

ሦስት መንገድ ታየን። ጫጩቱን ሰኔ ላይ ማስገባት አንዱ ነው፤ ጥቅምት ላይ መጣል ይጀምራሉ። ግን የክረምት ብርድ ጫጩት ይፈጃል፣ የማሞቂያ ወጪም ይጨምራል። ሁለተኛው ቀኑን ሳይነኩ የማይጾም ደንበኛ ማፈላለግ ነው። ሙስሊም ቤተሰቦች የሚበዙበት ሰፈር ሱቆች አሉ፤ ለእንግዶቻቸው ቁርስ የሚያቀርቡ ሆቴሎች አሉ። ሦስተኛው በጫጩት ፋንታ የሦስት ወር ቄብ መግዛት ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ ባዶዎቹ ወራት ግን ከአምስት ወደ ሁለት ይወርዳሉ። ልጁ 50 ቄብ ጥቅምት መግቢያ ላይ ለማስገባት ወሰነ። ለገና ይደርሳሉ፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊትም ሁለት ወር ያህል ይሸጣል። የሀሳቡ ግማሽ የተቀነሰው በአንድ ማታ፣ አንድ ብር ሳይወጣ ነው።

የንግድ ፈቃድ፣ ግብር፣ ማን ምን ይሠራል የሚሉትም ዕቅዱ ውስጥ ይገባሉ። እነሱን ጠይቆ መሙላት አይከብድም።

ለተቀጣሪም ያው ነው። የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሰው ሲኦሲ የሚለውን፣ ወስዶ የተሻለ ደመወዝ ያለው ሥራ የሚፈልግ ሰው የፈተናውን ቀን ይጻፍ። ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠር። ስንት ሳምንት አለው? ከሥራ በኋላ በሳምንት ስንት ሰዓት ያጠናል? የመመዝገቢያው ብር ከየትኛው ወር ደመወዝ ይነሳል? «ዘንድሮ ራሴን አሻሽላለሁ» ያለው ሰው እነዚህን ሲመልስ ነው ዕቅድ አለው የምንለው።

ዕቅድ ግን ተጽፎ አያልቅም። እኛ ደብተሩ ላይ ሦስተኛ ዓምድ ጨመርን፤ «የሆነው» የሚል። ወሩ ሲያልቅ ያሰብነውና የሆነው ጎን ለጎን ይታያሉ። የመኖ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የቀጣዮቹ ወራት ቁጥር ተሰርዞ ከላዩ ይጻፋል። ደብተሩ አሁን ከመኖ ጆንያው በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሲገልጡት ከቅጠሎቹ መሃል የመኖ ዱቄት ይራገፋል።