የክረምት ልምምድ በሥራ ቦታ ደህንነትና ጤንነት

ክረምቱ ሲገባ የአካባቢ ጤና፣ የኬሚካልና የኢንዱስትሪ ምህንድስና ተማሪዎች የትብብር ደብዳቤ ይዘው በፋብሪካ በሮች ላይ ይቆማሉ። ጥበቃው ደብዳቤውን ገለባብጦ ያያል፤ የሰው ሀብት ክፍሉ "ነገ ተመለሱ" ይላል፤ ከጥቂት ምልልስ በኋላ ተማሪው ቱታ ተሰጥቶት ከፋብሪካው የደህንነት ባለሙያ ጋር ይመደባል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ልምምድ ይባላሉ። ሥራው ሠራተኛውን ሊጎዳ የሚችለውን ነገር ፈልጎ ማግኘት፣ መለካትና መፍትሔ መጠቆም ነው፤ ይህም ድምፅን፣ አቧራን፣ ሙቀትን፣ ኬሚካልን፣ ያልተከለለ ማሽንን፣ እንዲሁም ከአጥሩ ውጭ ወደ ወንዝና ወደ ሰፈር የሚወጣውን ፍሳሽ ይጨምራል።

በኢትዮጵያ የዚህ ትምህርት አንዱ ሥር ጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከማኅበረሰብ ነርሶች ጎን ሳኒታሪያን የሚባሉ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር፤ ተማሪዎቹም በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ወርደው ይለማመዱ ነበር። የሳኒታሪያኑ ዓይን በዋናነት በምንጭ ውሃና በመፀዳጃ ጉድጓድ ላይ ያተኮረ ነበር። የፋብሪካው ወለል ትኩረት ያገኘው ዘግይቶ ነው።

ሕጉ ግን አለ። ኢትዮጵያ ስለ ሥራ ደህንነትና ጤንነት የሚደነግገውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 92 አሠሪው የደህንነት ሠራተኛ እንዲመድብ፣ ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት እንዲመዘግብና እንዲያስታውቅ ያዛል። ይህን አንቀጽ አንብቦ የገባ ተማሪ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል፤ ሳያነብ የገባው አብዛኛውን ጊዜ የእሳት ማጥፊያ ሲቆጥር ይከርማል። በልብስ ስፌት ዘርፍ ሌላም ግፊት አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2013 በባንግላዴሽ የራና ፕላዛ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ከሞቱ ወዲህ የውጭ ገዢዎች የሚያሠሯቸውን ፋብሪካዎች ደህንነት ይበልጥ መመርመር ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 እንደተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉ ቦታዎች ስለ ደህንነት የሚሞሉ ቅጾች መብዛታቸው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ቅጽ መሙላቱ ቀላል ነው። ቁም ነገሩ ያለው መቼና ማንን መጠየቅ እንደሚገባ በማወቅ ላይ ነው። የጥጥ አቧራ የሚያመጣው ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ ሕመም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በመጀመሪያ ደረጃው ሠራተኛውን ደረቱን ጨምቆ የሚይዘው ከዕረፍት ሲመለስ፣ ሰኞ ዕለት ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ ይለቀዋል። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት መጠይቁን ይዞ ወደ ፈተሉ ክፍል የገባ ተማሪ ጤነኞችን አግኝቶ ይመለሳል። ሪፖርቱም "ችግር አልታየም" ይላል። ሰኞ ማታ የተጠየቀው ያው ሠራተኛ ሌላ ታሪክ በነገረው ነበር።

ድምፅም እንዲሁ ያታልላል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤንነት ምርምር ተቋም ለስምንት ሰዓት የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት ብቻ። የድምፅ መለኪያ ላልደረሰው ተማሪ አንድ የቆየ ዘዴ አለ፦ ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፅን ከፍ ማድረግ ካስፈለገ፣ ቦታው ጣሪያው ላይ ደርሷል ወይም አልፎታል። በሽመና ክፍል የቆዩ ሠራተኞች ሲጠየቁ "ለምደነዋል" ይላሉ። ለምደነዋል ማለት አንዳንድ ጊዜ ጆሯችን ሄዷል ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የተሸሸገው ምናልባት በቆዳ ፋብሪካ ነው። ሞጆና አዲስ አበባ ባሉት የቆዳ ፋብሪካዎች የሚለማመድ ተማሪ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት። ፀጉርን ከቆዳ ለማላቀቅ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ይገባል፤ በኋላ ቆዳው በጨውና በአሲድ ይታጠባል፣ ከዚያ በክሮም ይለፋል። የሰልፋይዱና የአሲዱ ፍሳሽ በአንድ ቦይ ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ጋዙ በትንሹ ሲሆን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ችሎታን ራሱን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብሎ የተደፈነ ቦይ ለመጥረግ የገባ ሰው ይወድቃል፤ እሱን ለማውጣት የዘለለውም ይከተለዋል። በክረምት ጎርፍ ቦዮች በደለል ሲደፈኑ ለጠረጋ የሚወርድ ሰው ይበዛልና ጉዳዩ ከተማሪው የልምምድ ወቅት ጋር ይገጥማል። መፍትሔው ማስክ ማደል አይደለም፤ ሁለቱን ቦዮች መለየት ነው።

ብዙ የተማሪ ሪፖርት የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። የሙያው ቅደም ተከተል አደጋውን ከሥሩ ማስወገድ፣ ካልሆነ በሌላ መተካት፣ ካልሆነ በምህንድስና መከለል፣ ቀጥሎ የአሠራር ደንብ ማውጣት፣ በመጨረሻ ጓንትና ማስክ ነው። ሪፖርቶቹ ግን ከመጨረሻው ይጀምሩና እዚያው ያልቃሉ፤ ጓንት ለመግዛት ማሽን ማቆም አያስፈልግማ።

ስለ መዝገብም አንድ ነገር ማለት ይገባል። የፋብሪካው የአደጋ መዝገብ ባዶ ከሆነ ተማሪው ወደ ክሊኒኩ መሄድ አለበት። የክሊኒኩ ደብተር የታካሚ ስም ሳይወጣ በፈቃድ ቢታይ፣ በመርፌ የተወጋ ጣት፣ ዓይን ውስጥ የገባ ብናኝ፣ በሙቀት ራሷን የሳተች ሠራተኛ እዚያ ሊገኙ ይችላሉ። በስፌት ማሽን ላይ የሚገጠመው የመርፌ መከለያ ለምን እንደተነቀለ ደግሞ ደብተር አይናገርም። በማሽኑ የምትሰፋውን ልጅ መጠየቅ ነው፤ መልሷ ብዙውን ጊዜ የዕለቱ ኮታ ነው። ጥያቄው አለቃዋ ባለበት ከቀረበ መልስ የለውም። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ከብዙዎቹ ሠራተኞች ጋር በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ መነጋገር ይቀላል፤ ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ በቻይንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ከሆነ ለነሱ ከጌጥ አይለይም።

ተማሪው ራሱም ለአደጋ የተጋለጠ ነው። አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቆየው ይልቅ ይጎዳል፤ ተለማማጅ ደግሞ ልምምዱን እስኪጨርስ አዲስ ነው። ያለ ማብራሪያ ወደ ወለሉ የሚለቀቅ ተማሪ የመጀመሪያ ግኝቱን ስለ ራሱ መጻፍ ይችላል።

መጨረሻ ላይ ሪፖርቱ ይጠረዛል። አንዱ ቅጂ ለመምህሩ፣ አንዱ ለፋብሪካው ይሄዳል፤ የተጠየቁት ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ አያዩትም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚካሄድ አንድ የሥራ ጤና የክረምት ልምምድ መርሃ ግብር ተማሪዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ ይመድባል፤ ከሪፖርቱ ሌላም ለሠራተኞቹ የሚጠቅም ነገር ሠርተው እንዲያስረክቡ ይጠይቃል፣ በራሪ ወረቀት ወይም አጭር ሥልጠና ቢሆንም። ይህ እኛ ዘንድ በጀት አይፈልግም። በሠራተኛው ቋንቋ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት በመጠጥ ውሃው ቧንቧ አጠገብ ቢለጠፍ በቂ ነው።