ጣት ሲመግል፦ ሰው የሚለውና እውነታው

ጅማ ዝናቡም ጭቃውም ብዙ ነው። ቡና ሲለቅም፣ ልብስ ሲያጥብ የሚውል እጅ መቧጨሩ አይቀርም። በጥፍር ዙሪያ ያለው ቆዳ ሲላጥ ባክቴሪያ ይገባል። ጣቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሌሊት ሲጠዘጥዝ ያድራል። ጥፍረ መጥምጥ የሚባለው ይሄ ነው። ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ይሆናል።

«ሎሚ ብሳና ጣትህን ክተትበት፣ መግሉን ይስበዋል»

አይስበውም። አሲዱ የተቆጣውን ቆዳ ይለበልበዋል እንጂ መግል የሚያወጣበት መንገድ የለውም። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይብሳል። ተወቅጦ ታስሮበት ያደረ ጣት ጠዋት ሲፈታ ውሃ ቋጥሮ ሊገኝ ይችላል። «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ይባላል፤ የሠራው ግን ቃጠሎ ነው።

ከቤት መላ ሁሉ የሚጠቅመው ለብ ያለ ውሃ ነው። ጣቱን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ። መግል ገና ካልቋጠረ ብዙ ጊዜ በዚሁ ይሻለዋል። ርካሽ ስለሆነ መሰለኝ ማንም አያምነውም።

«የቡና ዱቄት ወይም አመድ ነስንስበት»

የቡና ዱቄት ቁስሉን ይሸፍነዋል እንጂ አያጸዳውም። አመድም ሆነ ሌላ፣ እበትና አፈር የነካው ነገር ግን አደገኛ ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም የሚኖረው እዚያ ነው።

«ካፕሱል ፈትተህ ዱቄቱን አድርግበት»

ካፕሱል የሚዋጥ ነው። ከጎረቤት የተረፈ ከሆነ ደግሞ ለዚህ ሕመም የሚሆን መሆኑን ማን አረጋገጠ?

«በልብስ መርፌ አፈርጠዋለሁ»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ፤ የቋጠረ መግል መውጣት አለበት። የሚወጣው ግን ጤና ጣቢያ፣ በንጹሕ መሣሪያ ነው። ቤት ውስጥ ሲወጋ ጀርሙ ወደ ውስጥ ሊገፋ ይችላል። በዚያ ላይ አንዳንዱ ጭራሽ መግል አይደለም። ትንንሽ ውሃ የቋጠሩ ፍንጣቂዎች ተጠጋግተው ከወጡ የሄርፒስ ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል አይበጣም።

«ይሄ በሽታ መርፌ አይወድም፣ ሐኪም ቤት አትውሰዱት»

ብዙ ጉዳት የሚያስከትለው ይሄኛው ነው። ቤት ተቀምጦ ሲታሽ ይሰነብትና ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከገባ በኋላ ሕመምተኛውን ተሸክመው ይወስዱታል። መርፌ ይወጋል፣ ይሞታል። ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን መርፌ ነው፤ ያለፉትን ቀናት ማንም አይቆጥራቸውም።

የጣቱ ጫፍ፣ ከጥፍሩ በተቃራኒ ያለው ሥጋ፣ ተወጥሮ ከጠነከረ የዚያኑ ቀን መታየት አለበት። ግፊቱ የደም ዝውውርን ይዘጋል፤ ኢንፌክሽኑም ወደ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። ቀይ መስመር ወደ ክንድ ከወጣ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ሰውየው ስኳር ያለበት ከሆነም «ነገ ይሻለዋል» አይባልም።

«ጥፍሬ ሁሌ እንዲህ ነው፣ ለምጄዋለሁ»

ከስድስት ሳምንት በላይ ከቆየ ሌላ ዓይነት ነው። ዕቃ ሲያጥብ፣ ሊጥ ሲያቦካ በሚውል እጅ ላይ ይበዛል። ዋናው ምክንያት እርጥበትና ሳሙና ነው፤ ፈንገስም ሊጨመርበት ይችላል። የተጀመረው የባክቴሪያ መድኃኒት ካልሠራ የሚገርም አይደለም። ጓንት ማድረግ፣ እጅን ቶሎ ቶሎ ማድረቅ፣ ከጥፍሩ ሥር ያለውን ቆዳ በምላጭ አለመቁረጥ ይረዳል። ጓንቱ ውስጡ ከራሰ ግን ይቀየር።