ፓቻችሁ አስተያየት መጣበት እንጂ አልተጣለም

ባሕር ዳር ውስጥ ለሊነክስ የድምፅ ድራይቨር (ሊነክስ የድምፅ ዕቃውን ለሚያሠራበት ኮድ) ፓች፣ ማለትም የኮድ ማስተካከያ፣ ሠርተው ለገምጋሚዎች በኢሜይል የሚልኩ ልጆች ሲያማክሩኝ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ «አልተቀበሉኝም፤ ትቼዋለሁ።» የገምጋሚውን ኢሜይል ሳነበው ግን ማንም እምቢ አላለም። አስተካክለህ ላክ ነው የተባለው። እውነቴን ነው፣ ይህን መስማት ሰልችቶኛል።

አንድ የፖሊ ተማሪ የላፕቶፑ የውስጥ ማይክ አልሠራ አለው። ሪልቴክ ለተባለው የድምፅ ቺፕ በተጻፈው ድራይቨር ውስጥ ለየላፕቶፑ ማስተካከያ የተዘረዘረበት ሠንጠረዥ አለ። እዚያ አንድ መስመር ጨመረና ማይኩ ሠራ። ገምጋሚው ሁለት ነገር ጠየቀ። ሠንጠረዡ በመለያ ቁጥር የተደረደረ ስለሆነ መስመሩ ቦታው ይግባ፤ የፓቹ ማብራሪያም ችግሩ ምን እንደነበር ይናገር። ልጁ መስመሩን መጨረሻ ላይ ነበር የለጠፈው። ቅር ብሎት አንድ ወር ተወው። ጣና ዳር ቡና ይዘን ስንቀመጥ ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ፓቻችሁን የማይፈልግ ሰው ስለ መስመሩ ቦታ ምን አስጨነቀው? ሊያስገባው ስላሰበ እኮ ነው!

«ማረሚያውን ሌላ ፓች አድርጌ ከላዩ ልላክ» የሚሉም አሉ። አይሆንም። ገና ያልገባ ፓች ራሱ ነው የሚታረመው። አንድ ኮሚት (የኮድ ታሪክ በሚይዘው ጊት ላይ የተመዘገበ አንድ ለውጥ) ከሆነ የመጨረሻውን ኮሚት በሚያርመው በአመንድ፣ ተከታታይ ከሆነ የቀደሙትንም በሚያርመው በሪቤዝ ስህተቱ ያለበት ኮሚት ውስጥ ገብታችሁ አስተካክሉ። ነገ አንድ ሰው ብልሽት ያመጣውን ኮሚት በሚያድነው በጊት ባይሴክት ብልሽት ሲፈልግ እያንዳንዱ ኮሚት ለብቻው መሥራት አለበት። ርዕሱ ላይ «ቪ2» (v2፣ ሁለተኛ እትም ማለት ነው) ይግባ። ምን እንደቀየራችሁ ከፓቹ ማብራሪያ ሥር ካሉት ሦስት ሰረዞች (---) በታች ጻፉ፤ እዚያ የተጻፈው ለገምጋሚ ብቻ ነው፣ የኮሚቱ ታሪክ ውስጥ አይገባም። ፓቹ ገብቷል ከተባላችሁ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ማረሚያው አዲስ ፓች ነው።

«የተባልኩትን ሁሉ መቀበል አለብኝ።» የለባችሁም። ካልተስማማችሁ ምክንያታችሁን ከአስተያየቱ ሥር መልሱ። ሳይመልሱ መዝለል ነው ነውሩ።

«ቼክፓች ካለፈ በቂ ነው።» ቼክፓች የተባለው መፈተሻ ፕሮግራም የኮድ አጻጻፍ ሥርዓት ያያል እንጂ ማይክ አይሰማም። ቪ2ን ከመላካችሁ በፊት እንደገና ድምፅ ቅዱ። ላፕቶፑን አስተኝታችሁ ቀስቅሱትና ደግማችሁ ሞክሩ።

መልስ ከዘገየም ቢያንስ አንድ ሳምንት ታገሡ፤ ከዚያ በትሕትና አስታውሷቸው።