በሬ ሆይ፣ ገደሉን አይተህ ቢሆንስ?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ያሉ ወጣቶች አንዲት ፎቶ በስልክ እየተቀባበሉ ያያሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የተነሳችው የኤቨረስት ፎቶ ናት፤ ተራራ ወጪዎቹ በቀጭን የበረዶ ሸንተረር ላይ እንደ ዘይት ወረፋ ተደርድረዋል፣ ግራና ቀኙ ገደል። አንዱ ልጅ ሳቀና «በሬ ሆይ! ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔን ግን አናደደኝ።

ትርጉሙን አልነግራችሁም፤ እሱን የማያውቅ የለም። የምነግራችሁ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነው። አባባሉ አላለቀም። ልብ ብላችሁ ስሙት፦ «ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ…» ሳታይ ምን? ገባህ? ቀረህ? ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። ቤት እንዲመታ ነው የሚሉ አሉ፤ «ሆይ» እና «ሳታይ»፣ እሺ ይመታል። እኔ ግን ተናጋሪውን ያላስጨረሰው ሳግ ይመስለኛል። ደግሞስ «ሆይ» የሚባለው ለማን ነው? ጌታ ሆይ፣ እናቴ ሆይ፣ አገሬ ሆይ። የሚሳደብ ሰው «ሆይ» አይልም። ይሄ የልቅሶ ቃል ነው፣ በሬው ከወደቀ በኋላ፣ ባለቤቱ አፋፍ ላይ ቆሞ ያለው።

ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት ከዳባት ወጣ ብሎ አያቴ ዘንድ ከብት እጠብቅ ነበር። አገሩን ያየ ያውቀዋል፣ ወገራ ሜዳ ነው ስትሉት ድንገት ያልቃል። እርሻው፣ መስኩ፣ የእሾህ አጥሩ ይሄድ ይሄድና ከእግራችሁ ፊት መሬት ይጠፋል። ነሐሴ ላይ መስኩ በከብት ጥርስ ተላጭቶ አፈሩ ይታያል፤ አፋፉ ላይ ያለው ሳር ግን ጉልበት ይደርሳል። ለምን መሰላችሁ? እረኛ ሁሉ ከብቱን ከዚያ ስለሚመልስ ነው። ያንን ሳር ሲጠብቅ የከረመው ገደሉ ራሱ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት ደግሞ ዝናብ ጠጥቶ የላላ ነው፤ ሰው ሲቆምበት ጠንካራ ይመስላል፣ የበሬ ክብደት ሲያርፍበት ይናዳል።

ቦራ የሚባል በሬ ነበረን፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት፣ ጠዋት፣ ጉም ወርዶ ጓደኛዬን እንኳ በድምፁ ነበር የማውቀው። ቦራን አጣሁት። ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ፣ ከዚያ ዝም። የሰፈሩ ወንዶች ቢላዋ ይዘው በጎን ባለው መንገድ እየተንሸራተቱ ወረዱ፤ ነፍሱ ሳትወጣ ካልተባረከ በክት ነው። ደረሱበት። ሥጋው በመደብ ተከፋፈለና እያንዳንዱ ቤት ከፍሎ ወሰደ፣ ሥጋ አምሮት ሳይሆን አያቴ ሌላ በሬ እንዲገዛበት፤ የቦራ ቅንጃ ብቻውን ምን ያርሳል? ይገርፈኛል ብዬ ነበር። አልነካኝም። አፋፉ ላይ ቆሞ «ቦራ… ቦራዬ…» አለ፤ እሱም አልጨረሰውም።

እንግዲህ የኔ ግምት ይሄ ነው። አባባሉ የተወለደው ጉም በሚወርድበት በሰሜንና በወገራ ደጋ ነው፣ ወሩም ነሐሴ ነው። «ሳታይ» ማለት ዛሬ እንደሚተረጎመው ሳታስብ፣ በሆዳምነት ታውረህ ማለት አይደለም። ቃል በቃል ነው፤ ጉም ነበር፣ በሬው አላየም። ማስረጃ አምጣ የሚለኝ ካለ ነሐሴ ላይ ዳባት ሄዶ በማለዳ እጁን ይዘርጋ፤ ጣቶቹን ካያቸው ተሸነፍኩ። የጎጃም ወዳጆቼ ጮቄን እየጠሩ ይከራከሩኛል። ይከራከሩ።

አሁን ወደዚያች ፎቶ ልመለስ። ከ8,000 ሜትር በላይ የሆኑ ተራሮች 14 ናቸው፣ ሁሉም በሂማላያና በካራኮረም። ኤቨረስት 8,849 ሜትር ነው፤ የኛ ራስ ደጀን ከ4,500 ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ እሱም ቢሆን የስንቱን ራስ ሲያዞር አይተናል። ታዲያ ኤቨረስት የሚሄድ ሰው ገደሉን አላየም? እንዴት አላየም! በኔፓል በኩል ለመውጣት ለፈቃዱ ብቻ ከ10,000 ዶላር በላይ ይከፍላል፣ ከሱ በፊት የሞቱትን በስም ያውቃል፣ አንዳንዶቹንም በረዶ ላይ እንደተኙ አልፏቸው ይሄዳል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ማሎሪ በ1923 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኤቨረስትን ለምን መውጣት እንደፈለገ ሲጠየቅ «ስላለ» ብሎ መለሰ። በዓመቱ እዚያው ከባልደረባው ጋር ጠፋ፤ አስከሬኑ የተገኘው በ1999 ነው። ይሄ ሰው ሳሩን አይቶ ገደሉን የሳተ አይደለም። ለሱ ሳሩ ገደሉ ነው። ጫፉ ሰው ያልረገጠው ሆኖ የቆየለት ገደሉ ስለጠበቀለት ነው፣ ልክ እንደ አፋፉ ሳር። ቀላል ቢሆን ኖሮ እንደ መስካችን ተግጦ አልቆ ይጠብቀው ነበር።

ግን ልጁን ግማሽ መንገድ ልሸኘው። ኤቨረስት ጫፍ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ሲሶ ያህል ነው። አእምሮ ይደነዝዛል። በ1950 አናፑርናን የወጡት ፈረንሳውያን፣ ሞሪስ ኤርዞግና ሉዊ ላሽናል፣ ከ8,000 በላይ የሆነ ተራራ ጫፍ የረገጡ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ናቸው። ላሽናል እግሩ እንዳይቀርበት ፈርቶ መመለስ ፈልጎ ነበር፤ ኤርዞግ ግን ብቻዬንም ቢሆን እወጣለሁ አለ። ሲወርዱ የኤርዞግ ጓንት አምልጦት ቁልቁል ተንከባለለ። ቦርሳው ውስጥ ትርፍ ካልሲ ነበር፣ እጁን ሊሸፍንበት ይችላል። ትዝ አላለውም! የእጁን ጣቶች አብዛኞቹን፣ የእግሩን ደግሞ ሁሉንም አጣ። በግንቦት 1996 ኤቨረስት ላይ ብዙዎች ከቀኑ 8 ሰዓት ካለፈ ጫፉ ቢቀርም ይመለሱ የተባለውን አልፈው ሲወጡ ማዕበል መጣና በዚያ አንድ ቀንና ሌሊት 8 ሰው ሞተ። እነዚህ ሰዎች ከቤታቸው ሲወጡ ገደሉን በደንብ አይተውታል። እዚያ ላይ ግን ጉሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ ገባ። የኔ የቦራ ጉም።

ስለዚህ አባባሉ ለተራራ ወጪ ይሠራል ካልን የሚሠራው ለመጨረሻዋ 200 ሜትር ነው፣ ያም በሐዘን። ዛሬ ግን በቁማር ለተበላ «በሬ ሆይ»፣ ትዳሩ ለፈረሰ «በሬ ሆይ»፣ ፌስቡክ ላይማ በየአስተያየቱ ከሳቅ ምልክት ጋር ነው። ጭራሽ ላልወደቀ ሰው ማስጠንቀቂያ ያደርጉታል። ሰውዬው ቆሞ እየሄደ ምን ሙሾ ያስፈልገዋል?

ይሄን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት፣ ቡናዬ እስኪበርድ። በትዕግሥት ሰማኝ፣ አስተዳደጉ ጥሩ ነው።

«ታዲያ ጋሼ፣ ገደሉን አይቶ የሚሄደውን ምን እንበለው?» አለኝ።

«ዋልያ በለው» አልኩት። «ገደል ቤቱ ነው።»

ፎቶዋን እንደገና አየት አደረገና «ዋልያ እንኳ ወረፋ አይሰለፍም» አለ።