«ሆዴ ተቆርጧል፤ ከእንግዲህ አልወፍርም»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ። ጎንደር ውስጥ በነርስነት ጀምሬ ዛሬ የምሠራው በሥነ ምግብ ምክር ላይ ነው። የክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገናውን አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር አሠርተው የሚመለሱ ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት ደጄን አይረግጡም። ልብሱ ሰፍቷቸው፣ ጎረቤቱ አድንቋቸው፣ ምን ጎድሏቸው ይመጣሉ? የሚመጡት በሦስተኛው ዓመት፣ ቀሚሱ እንደገና ሲጠብ ነው። ያን ጊዜም ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ይዘው ነው የሚመጡት።

ቀዶ ጥገናው የሚያደርገውን እንወቅ። በብዛት የሚሠራው ዓይነት ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጦ ያወጣል፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ቱቦ ነው። ግሬሊን የተባለው የረኀብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት የምግብ ፍላጎትም ይወርዳል። ሌላው ዓይነት ከጨጓራው ትንሽ ከረጢት ብቻ ያስቀርና ምግቡ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ዘሎ እንዲያልፍ ያደርጋል። ሁለቱም በአንድ ማዕድ የሚበላውን መጠን ያሳንሳሉ። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀመስ ግን የሚወስነው ባለቤቱ ነው፤ የቀረው ጨጓራም በጊዜ ብዛት ይለጠጣል። ስዊድን ውስጥ ከ1987 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ ብዙ ሰዎችን በተከታተለ ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት የተሠራላቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 32 በመቶ ያህል ክብደት ቀንሰው ነበር፤ በአሥረኛው ዓመት ቅናሹ 25 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ትርፉ ትልቅ ነው። ሆኖም ጥቂት መመለሱ የማይቀር ስለሆነ፣ ሁለት ሦስት ኪሎ ሲጨምሩ «ሥራው ተበላሸብኝ» ብለው የሚያለቅሱትም፣ «አልወፍርም» ብለው የሚዝናኑትም እኩል ተሳስተዋል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ «የሚጠጣ ነገር ምግብ አይደለም» ወደሚለው።

ማራኪ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት 31 ኪሎ ቀንሰው 13ቱ ተመልሶባቸው መጡ። የሚበሉትን በልጃቸው አስጽፈው ይዘዋል፦ ጠዋት ሩብ እንጀራ በሽሮ፣ ምሳ ላይ ሩብ እንጀራ በምስር፣ ማታ አንድ እንቁላል። «ታዲያ በምን ወፈርኩ፣ ሲስተር?» አሉኝ። «ቡናውስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቡና ደግሞ ምግብ ሆኖ ይቆጠራል እንዴ? ለጉሮሮዬ ብቻ ነው!»

ቁጭ ብለን ቆጠርነው። ጠዋት እቤታቸው፣ ከቀትር በኋላ ከጎረቤት፣ ማታ ከእህታቸው ዘንድ። በየቤቱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በእያንዳንዱ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። የሻይ ማንኪያው 4 ግራም ቢሆን በዘጠኝ ሲኒ 72 ግራም ስኳር ይሆናል፤ ይህም ወደ 290 ካሎሪ ነው። ገና ቆሎው አልተቆጠረም፤ ቆሎው ውስጥ ያለው ለውዝም አልተቆጠረም፤ በበዓል ሰሞን የሚቆረሰው ድፎ ዳቦም፣ ልጃቸው ሊያስደስታቸው ብሎ የሚያመጣው በስኳር የተመታ የአቮካዶ ጭማቂም። ሩብ እንጀራ ሲበሉ ደረታቸው ላይ የሚቆምባቸው ሴት ጭማቂውን ብርጭቆውን ሙሉ ይጨርሱታል፤ ፈሳሽ በቀጠነው ጨጓራ ቶሎ ስለሚያልፍ የጥጋብ ስሜቱ አይቆይም። ወፍራም ምግብን የሚይዘው በር ለጣፋጭ ፈሳሽ ወለል ብሎ ክፍት ነው!

ቡና ይቅር አላልኳቸውም። ጎንደር ተቀምጬ እንዲህ ብል ማን ይሰማኛል? ስኳሩ ቀረ፤ ቆሎው በእፍኝ መዘገኑ ቀርቶ በቡና ሲኒ ተለክቶ በቀን አንዴ ሆነ። ቡናውም ከምግብና ከብረት እንክብላቸው ቢያንስ አንድ ሰዓት እንዲርቅ አደረግን፤ ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካሉና። ጎረቤቶቻቸው ለአንድ ሳምንት አኮረፉ፤ ከዚያ ለመዱት።

ሁለተኛው ዓይነት የተሠራላቸው ሰዎች ላይ ጣፋጩ ሌላም መዘዝ አለው። ለስላሳ ወይም ብርዝ ከጠጡ በኋላ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ልባቸው ይመታል፣ ይንቀጠቀጣሉ። «ዓይን ነክቶኝ ነው» ያሉኝ አሉ። ስኳሩ በፍጥነት አንጀት ውስጥ ወርዶ ነው።

«ጠላ ቀላል ነው» የሚባለውም ያው ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አልኮል ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ ድሮ ያላሰከረ መጠን ዛሬ ያሰክራል።

«የጾም ምግብ አያወፍርም።» ዘይት የጠገበ ሽሮ በሙሉ እንጀራ ያወፍራል። ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ፕሮቲኑ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመከረው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ነው፤ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ብቻ ይሰጣል። ሁዳዴን 55 ቀን በቀጭን ሽሮ የሚገፋ ሰው ከስብ ጋር ጡንቻውንም ያጣል። ጹሙ፤ ግን ወፍራሙ ምስር፣ የባቄላው ክክ፣ ሽምብራው ይቅደም፣ እንጀራው መጨረሻ ይምጣ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ያላችሁ ደግሞ ንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ረመዳን የምትጾሙም ውኃውን ከአፍጥር እስከ ሱሁር በጥቂት በጥቂቱ አከፋፍሉት፤ በአንድ ትንፋሽ ሊትር የሚይዝ ጨጓራ የላችሁም።

«ደህና ነኝ፤ ቫይታሚኑን ተውኩት።» ጉበት ቫይታሚን ቢ12ን ለዓመታት ስለሚያከማች ጉድለቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ እግር ሲደነዝዝና ደም ሲያንስ። ታላቅ እህቴ በሁለተኛው ዓመት አቋርጣ በአራተኛው ዓመት የፋሲል ግቢን ደረጃ መውጣት አቅቷት ቁጭ አለች። ዛሬ መርፌዋን አታጓድልም። ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው።

«ፀጉሬ አለቀ፤ መላጣ ልሆን ነው።» ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር የሚረግፈው በብዛት ተመልሶ ይበቅላል።

«ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን ምን አለበት?» ቁስለት አለበት፤ በተለይ ሁለተኛው ዓይነት ለተሠራላችሁ። ዲክሎፌናክም እንደዚያው። ሐኪማችሁን ጠይቁ።

«በፊት አላረገዝኩም፤ አሁንም አላረግዝም።» ክብደት ሲቀንስ የማርገዝ ዕድል ይጨምራል፤ የሚመከረው ግን ከ12 እስከ 18 ወር መጠበቅ ነው።

«አንዲት ጉርሻ ምን ታደርጋለች?» ታስመልሳለች። ማጉረስ ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን ፍቅራችሁን በሌላ ግለጹ።

ስለ ማስመለስ ካነሳሁ፣ «ማስመለስ የተለመደ ነው፤ ያልፋል» የሚለውን ሳላነሳ አላልፍም። ከምግብ በኋላ አንድ ጊዜ ማስመለስ በጥድፊያ ከመብላት ሊሆን ይችላል። ለቀናት ከቀጠለ ግን ድንገተኛ ሕመም ነው። ሰውነት የሚያከማቸው ቫይታሚን ቢ1 ለሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ የሚበቃ ነው፤ ሲያልቅ ዓይን ይደናገራል፣ አካሄድ ይንገዳገዳል፣ አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም ላይመለስ ይችላል። ሆስፒታል ስትደርሱ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት «የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ጥገና ተሠርቶልኛል፤ ቢ1 ይሰጠኝ» በሉ። መናገር ካቃታችሁ አብሯችሁ ያለው ሰው ይናገር፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ ንገሩት።