ግማሹ እንጀራ ለምን ቀረ?

ስትሮክ የመታቸው አክስቴ ደሴ ከተማ ባለው ቤታቸው ምሳ ቀረበላቸው። የትሪውን ቀኝ ጠርገው በሉ። የግራው እንጀራ ከነወጡ እንዳለ ቀረ። «ጨምሩልኝ» አሉ። ትሪውን ሳዞረው የቀረውንም በሉት።

ዓይናቸው ደህና ነው። የተጎዳው ትኩረት ነው፤ «የአንድ ጎን መዘንጋት» ልንለው እንችላለን። ብዙ ጊዜ የአንጎል ቀኝ ክፍል ሲጎዳ ይመጣል፣ የሚረሳው ደግሞ ግራው ነው። ግማሽ እይታው የጠፋበት ሰው ብዙውን ጊዜ ጉድለቱን ስለሚያውቅ አንገቱን ያዞራል። እሳቸው ግን የጎደለ ነገር መኖሩም አይታወቃቸውም። «ግትር ሆኑ» ማለት በደል ነው። እኔም ብያለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ቡና ሲፈላ በግራቸው ቁጭ እላለሁ። እጃቸውን ነካ አድርጌ «እትዬ፣ ወደዚህ» እላቸዋለሁ። ትሪው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፈናል፤ መጀመሪያ እሱን ይፈልጋሉ። ትኩስ ሲኒ ግን በግራቸው አናስቀምጥም።